ማንም ያላመነው አረንጓዴ ሰማይ

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ በስልኬ አረንጓዴ ሰማይ ያልላከልኝ ሰው የለም። የእህቴ ልጅ ትልካለች፤ ሰርጋቸውን ያነሳሁላቸው ሙሽሮች ይልካሉ፤ ድሮ መጋዘን አብሮኝ የሠራ፣ ስሙ እንኳ የጠፋብኝ ሰውዬ ይልካል። ሌሊት በሰሜን ሰማይ ላይ የሚበራው ብርሃን ነው፤ ከሥሩ የሚጻፈውም ያው ነው፦ «ዘይነባ፣ ኖርዘርን ላይትስ! በስልኬ ነው ያነሳሁት፣ ታምኛለሽ?» አዎ፣ አምናለሁ። በስልክ መነሳቱማ ያስታውቃል። ኮከቡ ሁሉ ትል መስሎ ተንጋዷል፣ ዳር ላይ የሆነ ሰው ጣት አለ፣ ሐይቁ ወደ አንድ ጎን ሊፈስ ደርሷል። «ማሻአላህ፣ ያምራል» ብዬ እመልሳለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

በላኪዎቹ አልተናደድኩም። ዛሬ ማንም ከኪሱ መዝዞ የሚያሳየውን ነገር፣ ጋሽ ጀማል በትልቁ አሳጥበው መስኮት ላይ ሰቅለው፣ የሚያምናቸው ሰው አጥተው ስንት ዓመት ኖሩ። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

ጋሽ ጀማል አሠሪዬም አስተማሪዬም ነበሩ። እዚህ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ፕላዛ ላይ፣ በጸጉር ቤትና በልብስ ማጠቢያ ቤት መካከል የተሰነቀረች ፎቶ ቤት ነበረቻቸው። እሳቸው ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል። ሱቋን እስካሁን ይዤያት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ባለፈው ወር ጉልበቴም ደንበኛውም እምቢ ሲሉኝ ለአከራዩ አስረከብኩ። ቁልፉን የተቀበለኝ ወጣት ባዶውን ግድግዳ አየት አደረገና፣ ዘንድሮማ ሁሉም ሰው ፎቶ አንሺ ሆኗል ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩት የዚያኑ ቀን ነው።

ባለቤቴ በስፖንሰር ሲያመጣኝ ደሴ ላይ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እዚህ የጠበቀኝ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ መጋዘን ነው። ሥራዬ ካርቶን ላይ ወረቀት መለጠፍ ነበር። አለቃችን የሚያውቀው አንድ ቃል «ፋስተር» ነው፤ ሽንት ቤት ስንሄድም ፋስተር፣ ምሳ ስንበላም ፋስተር። ከዚያ ወጥቼ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሕፃናት የሚነሱበት ስቱዲዮ ገባሁ። የዚያኛዋ አለቃዬ ደግሞ ሕፃን ሁሉ የድብ አሻንጉሊት ካላቀፈ ፎቶ አይባልም የምትል ሴትዮ ነበረች። ልጁ ድቡን ፈርቶ ይጮሃል፣ እናትየው በልጁ ላይ ትጮሃለች፣ አለቃዬ ከጀርባዬ ሆና «ስማይል!» እያለች ታጨበጭባለች። ካሜራ መያዝ የተማርኩት በዚህ ሁካታ ውስጥ ነው። ደመወዙ ከመጋዘኑም ያንስ ነበር፤ ባለቤቴ ስንጣላ እስከ ዛሬ ያነሳዋል።

ጋሽ ጀማል ዘንድ የወሰደኝ ሰርግ ነው። እሳቸው የሙስሊም ሰርግ ደንበኛ ሞልቷቸው ነበር፤ የሴቶቹ አዳራሽ ግን ወንድ አይገባበትም። ካሜራ የምትይዝ ሴት ሲያፈላልጉ እኔን ጠቆሟቸው። የመጀመሪያውን ሰርግ አንስቼ ስወጣ፣ አዳራሹ በር ላይ ወንበር ይዘው ይጠብቁኛል። ደስ ብሎኝ ላሳያቸው ካሜራውን ሳዞር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ምን ነካሽ ዘይኔ? ሴቶቹ ሻሽ አውልቀው የሚጨፍሩበትን እኔ አላይም።»

«ታዲያ ካላዩት እንዴት ያርሙኛል?»

«እየጠየቅኩ ነዋ። ሙሽራይቱ ዓይን ውስጥ መብራቱ የት ጋ ወደቀ?»

አላየሁም አልኳቸው።

«እንግዲያው አንቺ አላነሳሽም፤ ካሜራው ነው ያነሳው» አሉና ወንበራቸውን አጥፈው ሄዱ።

እንዲህ ነው ሥራ የተማርኩት፤ ፎቶዬን አንድ ቀን ሳያዩ በጥያቄ ብቻ ከሚያስጨንቁኝ ሰው። ጥላው በየት በኩል ነበር? የእናትየው እጅ ምን ይዟል? ከኋላ ማን ይስቃል? ለመመለስ ስል ሳላውቀው ማየት ለመድኩ። መጀመሪያ በዓይን፣ ከዚያ በካሜራ ነበር ሕጋቸው። አንዳንድ ቀን በንዴት ካሜራውን እዚያው ወርውሬላቸው ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

ሌላው ልማዳቸው የካሜራው መዝጊያ ሲከፈት «ቢስሚላህ»፣ ሲዘጋ «አልሐምዱሊላህ» ማለት ነው። ድሮ ደሴ በነበረችው ፎቶ ቤታቸው መብራቱ ደካማ ስለሆነ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈት ነበር አሉ። ተነሺው በሁለቱ ቃላት መካከል እንዳይነቃነቅ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቢስሚላህ ሲባል ትንፋሹን ይይዛል፣ አልሐምዱሊላህ ሲባል ያፈነውን ሳል ይለቀዋል። ሬክስዴል መጥተውም፣ ዓይን ሳይጨፈን በሚያልቅ የፓስፖርት ፎቶ ላይ እንኳ ሁለቱን ቃላት አይተዉም ነበር። ከእሳቸው ወደ እኔ ተጋባ። ካሜራ ይዤ ካልኳቸው ቃላት ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ያህል የደጋገምኩት የለም።

እጃቸው ደግሞ ፎቶ በማሳመር የታወቀ ነበር። ድሮ ኔጋቲቭ ላይ በሹል እርሳስ እየነካኩ የፈንጣጣ ጠባሳ ያጠፋሉ፣ ጉንጭ በጥጥ ቀለም ይቀባሉ። ኮምፒውተር ሲመጣ ኮምፒውተሩን ተማሩ። አንዱ መጥቶ «አባቴ ሰርጌ ሳይደርስ ነው የሞተው፣ እባክዎ ፎቶው ውስጥ ያስገቡልኝ» ሲላቸው ሽማግሌውን ከሙሽራው ጎን ሱፍ አልብሰው ያቆሙለታል። ሰዉ እያለቀሰ ይወስዳል። በዚህ ሙያቸው ይኮሩ ነበር፤ ለሰሚው ሁሉም ያወሩታል። ጉድ ያመጣባቸውም ይኸው ወሬያቸው ነው።

ገና በፊልም በምንሠራበት ዘመን፣ ሰሜን ሩቅ ከተማ የሚኖር ዘመዳቸውን ጠይቀው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሰማዩ በራባቸው። መኪናቸውን አቁመው አንድ ሐይቅ ዳር አነሱት። አረንጓዴው ከዛፎቹ ጫፍ ተነስቶ እንደ ተሰቀለ መጋረጃ ይወርዳል፣ ታች ጫፉ ላይ ሐምራዊ ዘርፍ አለው። ያን ፎቶ ሳይ ሥራችን ይህንንም ይችላል እንዴ ብዬ ነው የደነገጥኩት። በትልቁ አሳጥበው የሱቁ መስኮት ላይ ሰቀሉት።

የመጀመሪያው ተመልካች ጎረቤታችን ጋሽ ግርማ ነበሩ። ጋሽ ግርማ የጸጉር ቤቱ ባለቤት ናቸው። ከመቀሳቸው ይልቅ ምላሳቸው ይሠራል፤ ሰው ጸጉሩን ሳይሆን ስሙን ሊያስቆርጥ የሚገባበት ቤት ነው። ከጋሽ ጀማል ጥቂት ስለሚያንሱ አንቱ ይሏቸዋል፤ አንቱታው ግን ከቀልዳቸው አላዳናቸውም። ፎቶው ፊት ቆመው አዩ፣ አዩ፣ ከዚያ ደንበኞቻቸውን ጠሩ።

«ጋሽ ጀማል፣ እርስዎ የሞተ አባት ሰርግ ላይ የሚያስገቡ ሰው፣ ሰማይ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መድፋት ያቅትዎታል?»

«በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ግርማ። ኔጋቲቩ አለ፣ ግባና እይ።»

«ኔጋቲቩንም በእርሳስ እነካካለሁ ብለው የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ፕላዛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉር ቤቱ ውስጥ የማይታመን ነገር ሁሉ ስሙ «የጋሽ ጀማል ሰማይ» ሆነ። አንዱ ደህና ሥራ አገኘሁ ሲል «የእውነት ነው ወይስ የጋሽ ጀማል ሰማይ?» ይሉታል። ልጆች ሳይቀሩ ለመዱት።

ጋሽ ጀማል አብረው ይስቁ ነበር። ግን በዚያው ሰሞን እርሳሳቸውን አስቀመጡ። አንዲት ሙሽራ አገጯ ላይ ያለችውን ብጉር አጥፉልኝ ስትላቸው እምቢ አሏት። የሞተ አባቱን ፎቶ ውስጥ እንዲያስገቡለት የፈለገ ሰው መጣ፤ እሱንም መለሱት። ደንበኛ ሲሸሽ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ምን ሆነዋል ጋሽ ጀማል? እንጀራችን እኮ ነው!»

«ያየሁትን ካላመኑኝ ያላየሁትን አልሠራላቸውም» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። ያኔ ነው ነገሩ ምን ያህል ሆዳቸው እንደገባ የተረዳሁት። አንድ ሰው በሙያው የሚኖረው በቃሉ ነው፤ የእሳቸውን ቃል መላው ፕላዛ መጫወቻ አድርጎታል። ፎቶውን ግን ከመስኮቱ አላወረዱትም። ፀሐይ እያነጣው ሲሄድ እንደገና አሳጥበው ሰቀሉት።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ወደ ሰሜን እንደነዳሁ አልቆጠርኩም። ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ማስረጃ ፍለጋ ነው። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው አጠገቤ ባትሪዎቹን ብብታቸው ሥር አቅፈው ይቀመጣሉ፤ ባትሪ ብርድ ከመታው ይሞታልና። ኢንተርኔቱ ዛሬ ይታያል ይላል፤ እንሄዳለን፤ ደመና። ደመና የለም ይላል፤ እንሄዳለን፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ይጠብቀናል። አንድ ጊዜ የእውነት ወጣልን፤ ሳጥበው ፎቶው መሃል ላይ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ክብ ክብ ነገር አለበት። ለካ ሌንሱ ፊት የምንገጥማት መከላከያ መስታወት ከዚህ ብርሃን ጋር አትስማማም፤ መውለቅ ነበረባት። ይህን ለማወቅ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ነዳሁ፤ ጀርባዬ አሁንም ያስታውሰዋል።

ቀስ በቀስ ሥራው ገባን። ለማነጣጠር ደማቅ ኮከብ ይመረጣል፣ ሌንሱ ቀለበት ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፣ እንዳይዞር። ካሜራው ላይ አይተነፈስም። ወደ ሞቀው መኪና ከመግባት በፊት ካሜራው በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል፤ አለዚያ ውስጡ ያልበዋል። የሚረብሸን ግን ይህ አልነበረም። ብንጠበብም ያው አንድ አንሺና አንዲት ተቀጣሪው ነን፤ የሱቁ ሠራተኛ ቆሜ ብመሰክርላቸው ጋሽ ግርማን ያስቃቸዋል እንጂ አያሳምናቸውም። ምስክር ከውጭ ማምጣት ነበረብን።

ስለዚህ አንድ ክረምት አውቶቡስ ተከራየን። የእድሩን ሰዎች ጠራሁ። ጋሽ ግርማ «ምስክር ከተፈለገ ዋናው እኔ ነኝ» ብለው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ጋሽ ጀማል ደግሞ እንደ ሙሽራ ጺማቸውን አስተካክለው መጡ።

እኩለ ቀን ላይ እንነሳለን ብዬ ነበር። ከከተማው ስንወጣ ጀምበር ጠልቃለች። አንዷ ሳምቡሳው አልበሰለም ብላ አዘገየችን። አንዱ ጓንት የለኝም ብሎ ሱቅ ወረደ፤ ሲመለስ ጓንት የለውም፣ ቡና ይዟል። ብርዱን እያወቀች ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገችም ነበረች፤ ለምን ስላት «ፒክቸር አለ ብለሽ አይደል?» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ቆሜ ለመንኳቸው፦ ፍላሽ አታብሩ፣ ቢስሚላህ ስል እንደ ድንጋይ ቁሙ፣ አልሐምዱሊላህ እስክል አትነቃነቁ። «እሺ፣ እሺ» አሉኝ። እሺታው ሲበዛ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወደ ሰሜን፣ ከሙስኮካ አለፍ ብሎ ካለ የረጋ ሐይቅ ዳር ወረድን። ግማሽ ጨረቃ በረዶውን አብርታልናለች። ከዛፎቹ በላይ ደግሞ ገርጣ ያለ ቅስት ተዘርግቷል። ጋሽ ጀማል እጃቸውን ዘረጉ። «ይኸውላችሁ» አሉ።

ሰዉ አንጋጠጠ።

«የቱ?»

«ያ ነጭ ነገር? ደመና አይደለም እንዴ?»

«የፋብሪካ ጭስ ይሆናል።»

አንዲት ተማሪ ልጅ ስልኳን ወደ ሰማይ አዞረች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ስልኬ ላይ ግሪን ነው!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ስልኳን ከበበ። ጋሽ ግርማ ስልኩን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ እንደገና ስልኩን አዩ። ከዚያ ፊታቸው እንደ ፀሐይ በራ።

«በቃ፣ ገባኝ! ሰማዩ ነጭ ነው፤ ካሜራው ነው የሚቀባው። ጋሽ ጀማል፣ ይቅርታ፣ እርስዎ አልቀቡትም። ካሜራዎ ነው የዋሸው!»

ጋሽ ጀማል ሊያስረዱ ሞከሩ። የሰው ዓይን በጨለማ ቀለም መለየት ይከብደዋል፣ ብርሃኑ ሲጠነክር ግን በዓይንም ይታያል፣ ትንሽ ታገሱ አሏቸው። ማን ይስማቸው! ሳምቡሳው ተከፍቷል። ያን ሁሉ መንገድ ያመጣኋቸው ምስክሮች ለጋሽ ግርማ ሊመሰክሩ ተሰለፉ። ጋሽ ግርማም ጉዳዩ አልቋል ብለው አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ተኙ። እንባዬ መጣ፤ ከብርዱ ነው ብዬ ጠረግኩት። ጋሽ ጀማል መስገጃቸውን ይዘው ኢሻ ሊሰግዱ ወደ ሐይቁ ዳር ራቅ አሉ።

ባዶ እጄን አልመለስም ብዬ ሰዎቹን ለቡድን ፎቶ በረዶው ላይ ደረደርኳቸው። አዛውንቶቹ በታጣፊ ወንበር ተቀመጡ፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆሙ። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አጠበቅኩ። በዚህ መሃል ከኋላቸው ያ ገርጣ ቅስት መወፈር ጀመረ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ፤ በዓይን የሚታይ አረንጓዴ! «ቢስሚላህ!» አልኩ፣ መዝጊያውን ከፈትኩ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ። ሐምራዊው ዘርፍ ልክ መስኮታችን ላይ እንዳለው ይሯሯጣል።

ልክ በዚያች ቅጽበት ጋሽ ጀማል ሰግደው፣ መስገጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከጎን ብቅ አሉ።

ያ የደረደርኩት ሰው ሁሉ ብድግ አለ!

«ጋሽ ጀማል! ይምጡ፣ ይምጡ!»

«እዚህ መሃል ይግቡ!»

«ኧረ ተነሺላቸው! ወንበሩን ስጧቸው!»

«እኔ ልነሳ፣ አንተ ተቀመጥ።»

«ወላሂ አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምነሳው!»

ታላቅ ሰው መጣና ወንበር ላለመልቀቅ የሚደፍር ጠፋ። ሰማይ ከጀርባቸው እየነደደ እነሱ ወንበር ይገባበዛሉ። «አትነቃነቁ! ኧረ በአላህ አትነቃነቁ!» እያልኩ ጮህኩ። ጋሽ ጀማል ግን ቢስሚላህ ስል ሰምተዋል። አንድ እግራቸውን ወደፊት እንዳደረጉ፣ ባሉበት ደርቀው ቆሙ። ሰዉ ሲጠራቸው አይመልሱም፣ አይዞሩም። «ተቀይመውናል» አለች ባለ ተረከዟ፤ ይኼኔ ሁሉም ይቅርታ ሊለምናቸው የባሰ መተራመስ ጀመረ።

እኔ እጮሃለሁ። ካሜራው ጨርሶ ዘግቷል፤ አላየሁትም። አረንጓዴው ፈዘዘ፣ ከሰሜን ደመና ገባ፣ ሰማዩ ጠቆረ። ጋሽ ጀማል አሁንም ቆመዋል። ሮጬ ስደርስ ቅንድባቸው ላይ ውርጭ ተጋግሯል።

«አልሐምዱሊላህ አላልሽም እኮ፣ ዘይኔ» አሉኝ በቀስታ።

ጀርባቸው ወደ ሰማዩ ነበር። ዞር ቢሉ ያዩት ነበር፤ እኔን ብለው አልዞሩም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያች ቅጽበት ልቤን የሰበረው የለም። ንዴቴ ግማሹ በእነሱ፣ ግማሹ በራሴ ነበር።

ፎቶው ደግሞ ጉድ ሆኖ ወጣ። ሰማዩ እሳት የመሰለ አረንጓዴ ነው። ሰዎቹ ሁሉ በመንቀሳቀሳቸው ጭስ ሆነዋል፤ ፊት የለ፣ እጅ የለ፣ እዚህም እዚያም የሚንሳፈፍ ኮት። ከጎናቸው ግን አንድ ሽማግሌ መስገጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ጺማቸው እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ብለው ቆመዋል። በማግስቱ ጋሽ ግርማ አዩት። ሲስቁ ወንበር መደገፍ አስፈለጋቸው።

«ሰዉ ሁሉ መንፈስ፣ እርስዎ ብቻ ሰው! ጋሽ ጀማል፣ እንዲህ ያለ ፎቶሾፕ ሆሊውድም የለ!»

ላጠፋው ስል ጋሽ ጀማል እጄን ያዙኝ። «ተዪው። ሰዉ እኔን ሊያከብር ተነስቶ ነው የተበላሸው። ይህን አታጥፊብኝ» አሉ። ከመጀመሪያው ፎቶ አጠገብ ሰቀሉት። መስኮታችን ሁለት የማይታመን ፎቶ ኖረው።

ዓመታት አለፉ። ስልክ ሥራችንን በላው። የሚመጣልን የፓስፖርት ፎቶና ፍሬም ብቻ ሆነ። ጋሽ ጀማል በከዘራ መሄድ ጀመሩ፤ ከሚኖሩበት፣ ከፕላዛው ጀርባ ካለው ፎቅ እስከ ሱቁ ድረስ ለመምጣት ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ረጅም መንገድ የማይታሰብ ሆነ፤ ስለ ሰሜኑ ብርሃንም አናወራም።

አንድ የጸደይ ምሽት ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ግርማ ናቸው፣ ያለከልካሉ።

«ዘይነባ፣ ውጪ! አሁኑኑ ውጪ! ፓርኪንጉ ላይ ነኝ፣ ሰማዩ... ሰማዩ...»

«ሰማዩ ምን ሆነ?»

«አረንጓዴ ነው! ቀይም አለው! እዚሁ ሬክስዴል! ለጋሽ ጀማል ኮል አድርጌ ነበር፣ ዘጉብኝ እኮ!»

«ምን ብለው?»

 በትንሽ ድምፅ፣ «‹ተኛ ግርማ፣ ፎቶሾፕ ነው› አሉኝ» አሉ።

ካሜራዬን ይዤ ስደርስ የፎቁ ሰው ሁሉ በፒጃማ ወጥቷል። የመንገዱ መብራት፣ የመኪናው መብራት፣ የኤርፖርቱ መብራት ሁሉ በርቶ እንኳ ሰማዩ አልተሸነፈም፤ ከአናታችን ላይ ቀይና አረንጓዴ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ቤንዚን፣ የሚመጣው እዚሁ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ኖሯል! ጋሽ ግርማ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ጋሽ ጀማልን በክንዳቸው ደግፈው ከፎቁ በር ሲወጡ አየኋቸው። እንዴት እንዳስነሷቸው አላህ ይወቅ።

«አየሁት ጋሽ ጀማል» አሉ ጋሽ ግርማ። «በዓይኔ። ያለ ካሜራ።»

ጋሽ ጀማል ገና አላንጋጠጡም። «ምን ቀለም ነው?» ብለው ጠየቁ፣ እኔን ድሮ እንደሚጠይቁኝ።

«አረንጓዴ።»

«ታች ጫፉስ?»

ጋሽ ግርማ ቀና ብለው በደንብ አዩ። «ሐምራዊ ዘርፍ አለው» አሉ። «ልክ እንደ መስኮቱ ነው። አፉ ይበሉኝ፣ ጋሽ ጀማል። ስንት ዓመት ቀለድኩብዎ። አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብዬሃለሁ» አሉ ጋሽ ጀማል። ያን ጊዜ ነው አንገታቸውን ወደ ኋላ የጣሉት። አፋቸው ተከፍቶ፣ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው አዩ። ካሜራውን አላወጣሁም። በዚህኛው መጀመሪያ እሳቸው ይዩ አልኩ። ጠግበው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ጠበቅኩ።

ከዚያ ባለ ሦስት እግሩን ተከልኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው።

«ቢስሚላህ።»

ሁለቱም ደረቁ። አንድ የጸጉር ቤቱ ደንበኛ በአጠገባቸው ሲያልፍ «ጋሽ ግርማ፣ እንዴት አመሹ!» አለ፤ ጋሽ ግርማ፣ በሕይወት ዘመናቸው ሰላምታ አልፏቸው የማያውቁት ሰው፣ ቅንድባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ካሜራው ዘጋ። እኔ ሳየው ዘጋ። ጋሽ ጀማል ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «እንዳትነቃነቅ ግርማ፣ አልሐምዱሊላህ ገና አላለችም» ሲሉ ሰማኋቸው።

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አላወጣሁትም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ከዚያ ሰማይ ሥር ቆመዋል፤ እኔ ደግሞ ትንሽ ይቆዩልኝ ብዬ ዝም አልኩ።